ግልጽ ደብዳቤ፦ አዲስ ሲስተም ከመግዛታችሁ በፊት

በሰሜን ሸዋ ለምትገኙ የዞንና የወረዳ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ለዕቅድና ለግዥ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ኮምፒውተር ለምታስተምሩ መምህራን

ጉዳዩ፦ በጋራ የምንሠራባቸውን የኮምፒውተር ሲስተሞች ይመለከታል

የተከበራችሁ የሥራ መሪዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ በዚሁ ዞን በአይሲቲ ሙያ የምሠራ ሰው ነኝ። ፕሪንተር እጠግናለሁ፣ ኔትወርክ እዘረጋለሁ፣ አዲስ ሲስተም ሲመጣ ደግሞ ሥልጠና እሰጣለሁ። የሥልጠናውን ነገር ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ይሞላል፣ ሻይ ቡና ይቀርባል፣ ፎቶ ይነሣል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ፓስወርዱን የሚያስታውስ ሰው ፍለጋ ይጀመራል።

ሐምሌ ሲመጣ አዲስ ዕቅድ ይወጣል። በዕቅዱ ውስጥ «አሠራሩን ዲጂታል ማድረግ» የሚል መስመር አይጠፋም። ያ መስመር ወደ ጨረታ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉ ልጠይቃችሁ ነው የምጽፈው። አንድ ወረቀት አውጡና ሲስተሙን የሚሞላው ማን እንደሆነ ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ ከሲስተሙ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ጻፉ። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ፣ ለሚሞላው ሰው በምላሹ ምን እንደሚያገኝ ጨምሩ። መልስ ካጣችሁ ገንዘቡን አታውጡ።

ሐሳቡ ከኔ ራስ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ሰዎች በኮምፒውተር እንዴት አብረው እንደሚሠሩ የሚያጠና የምርምር ዘርፍ አለ። ዕድሜው ከአርባ ዓመት በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አይሪን ግራይፍና ፖል ካሽማን የተባሉ ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ ሙያ የመጡ ሰዎችን አሰባስበው መከሩ። ዘርፉም «በኮምፒውተር የታገዘ የትብብር ሥራ» የሚል ስም ያገኘው ያኔ ነው። ግራይፍ ከኤም.አይ.ቲ. በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1986 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ላይ የዘርፉ የመጀመሪያ ጉባኤ ተካሄደ።

ሕልሙ እንኳ ከዚያም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኝ አዳራሽ ተቀምጦ፣ ሜንሎ ፓርክ ከነበሩ ባልደረቦቹ ጋር በአንድ ሰነድ ላይ ሲሠራ ለሕዝብ አሳየ። እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ይነጋገራሉ፣ ያንኑ ስክሪን ያያሉ። ማውስም ሕዝብ ፊት የቀረበው ያን ቀን ነው። በመካከላቸው የነበረው ርቀት ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ከሚወስደው መንገድ ያንሳል። ይኸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነ። እኛ ግን ከደብረ ሲና ደብረ ብርሃን ለመነጋገር ዛሬም ፎቶ አንሥተን በቴሌግራም እንላላካለን።

መሣሪያው ጠፍቶ አይደለም። ቴክኖሎጂውስ ኪሳችን ውስጥ አለ። ተመራማሪዎቹም ቢሆኑ ከገንዘብና ከኬብል ቀጥሎ የገጠማቸው ፈተና የሰው ጠባይ ነበር። ለዚህም ነው ከኢንጂነሮቹ ጎን አንትሮፖሎጂስትና ሶሲዮሎጂስት ማስቀመጥ የጀመሩት።

እ.ኤ.አ. በ1988 ጆናታን ግሩዲን አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ጥያቄው አጭር ነው፤ ለቡድን ሥራ የሚዘጋጁ ፕሮግራሞች ለምን ይወድቃሉ? ካነሣቸው ምሳሌዎች አንዱ የጋራ ካላንደር ነው። አለቃው ስብሰባ መጥራት ሲፈልግ ፕሮግራሙ የሁሉንም ሰው ካላንደር ያያል፣ ሁሉም ነጻ የሆኑበትን ሰዓት ይፈልግለታል። ግሩም ነው። ግን ይህ እንዲሆን እያንዳንዱ ሠራተኛ ውሎውን በየቀኑ መሙላት አለበት። ሠራተኛው ደግሞ ስብሰባ ጠሪ አይደለም፣ ተጠሪ ነው። ምን ሊጠቅመው ይሞላል? አይሞላም። እርሱ ካልሞላ ፕሮግራሙ ለአለቃውም አይሠራም። ግሩዲን አንድ ነገር ጨምሯል። ግዥውን የሚወስነው አለቃው ነው፤ አለቃው ደግሞ ሲስተሙን የሚመዝነው ለራሱ በሚሰጠው ጥቅም ነው። የሌላው ድካም አይታየውም።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ የትም ብሄድ የማየው የግሩዲንን ካላንደር ሆኗል።

የወር ሪፖርትን እንውሰድ። የቀበሌ ባለሙያዋ በመዝገቧ ትጽፋለች። ከመዝገቡ ወደ ፎርም ትገለብጣለች። ፎርሙን በስልኳ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልካለች። ወረዳ ላይ ያለው ባልደረባዋ ፎቶውን በጣቱ እያሰፋ ቁጥሩን ኤክሴል ላይ ያስገባል። 3 ይሁን 8 ካልለየለት ይደውላል፤ ስልኩ አይነሣም፤ በግምት ይጽፋል። ከኤክሴል ደግሞ ወደ ሲስተሙ። ማታ ላይ ግሩፑ ውስጥ «እስካሁን ያልላካችሁ» የሚል ዝርዝር ይለጠፋል። ዞን ሲደርስ ቁጥሩ ቻርት ይሆናል፣ ቻርቱ ፓወርፖይንት ላይ ይወጣል፣ ይጨበጨባል። ለቀበሌ ባለሙያዋ ምን ተመለሰላት? ቻርቱን እንኳ አላየችውም። ስሟ የሚነሣው «ያልላካችሁ» የሚለው ውስጥ ሲገኝ ብቻ ነው።

ደቦ የሚጠራ ገበሬ አስቀድሞ ጠላ ይጠምቃል። አዝመራው የእርሱ ነው፣ ጉልበቱ የመጣው ሰው ነው፤ ያን የሚያካክሰው ድግሱ ነው። እኛ ጠላ ሳንጠምቅ ደቦ እንጠራለን። ሰው ሲቀርብን ሪፖርት እንጽፋለን፤ «በባለሙያዎች ዘንድ የአመለካከት ችግርና የግንዛቤ እጥረት ይታያል»። የግንዛቤ እጥረቱ ወዴት እንዳለ ግሩዲን ከነገረን ቆየ።

ለባለሙያዋ የሚመለሰው ነገር ትልቅ መሆን የለበትም። የላከችውን ቁጥር ካለፈው ወር ጋር አነጻጽሮ በስልኳ የሚልክላት ሲስተም ይበቃል። ወይም ከዚያው ከሞላችው ላይ ለቀበሌ ስብሰባ የሚሆን አንድ ገጽ የሚያወጣላት። ወይም በእጅ የምትጽፈውን ሁለተኛውን ፎርም የሚያስቀርላት። ይህ የመጨረሻው፣ በኔ ግምት፣ ከማንኛውም ሽልማት ይበልጣል። አንድ አዲስ ሲስተም ሲገባ ቢያንስ አንድ ወረቀት መሞት አለበት። እስካሁን ያየሁት ግን ሲስተሙ ሲወለድ ነው እንጂ ወረቀቱ ሲሞት አይደለም።

እስቲ መዝገብ ቤት ደግሞ እንግባ። ይህን ክፍል በሚገባ የምታውቁት ይመስላችኋል፤ በየቀኑ በሩን ታልፋላችሁና።

ደብዳቤ ይመጣል። ገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ በፋይል ሆኖ ወደ ኃላፊው ይገባል። ኃላፊው ደብዳቤው ዳር ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። «አቶ እገሌ፣ ተመልክተው ያቅርቡ»። ወይም «በአስቸኳይ»። ወይም «ያነጋግሩኝ»። ፊርማ፣ ቀን። ደብዳቤው ተመራ ማለት ነው።

ይህች የዳር ጽሑፍ ትንሽ ትመስላለች። የቢሮው ሥራ የሚንቀሳቀሰው ግን በእርሷ ነው። «ያነጋግሩኝ» የሚል የተጻፈበት ፋይል የደረሰው ሰው ነገሩ በጽሑፍ የማይባል መሆኑ ይገባዋል። «ተመልክተው ያቅርቡ» ያለበት የደረሰው ደግሞ አለቃው ገና አለመወሰናቸውን፣ ሐሳብ ማቅረብ እንደሚችል ያውቃል። የፋይል ዝውውርን ዲጂታል ያደርጋል የተባለ አንድ ሲስተም አይቻለሁ። ኃላፊው ፊት ሦስት ቁልፎች ነበሩ፤ ጸድቋል፣ ውድቅ ሆኗል፣ ለሌላ ክፍል ይተላለፍ። የሚያመነቱበት፣ «እስቲ ና እንነጋገር» የሚሉበት ቦታ የለም። ታዲያ ምን ተደረገ? ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ፕሪንት ታደርጋለች። ኃላፊው እንደ ልማዳቸው ዳሩ ላይ ይጽፋሉ። ጸሐፊዋ መልሳ ስካን አድርጋ ታስገባለች። ወረቀት ሊቀንስ የመጣው ሲስተም የቢሮውን ቶነር ጨረሰው።

ሲስተሙን የሠሩት ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። የሥራ መዘርዝሩን አንብበው ነው የሠሩት። መዘርዝሩ ላይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «ደብዳቤ ይቀበላል፣ ይመዘግባል፣ ያሰራጫል» ይላል። በቃ። ሉሲ ሳችማን የተባለች አንትሮፖሎጂስት በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሆና፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን ፊት ግራ የገባቸውን ሰዎች እያየች ያጠናችው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው ሥራ እንዳሳየችው፣ በወረቀት የሰፈረው ዕቅድ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሥራውን የሚሠራው ግን ፊቱ የተደቀነውን ሁኔታ እያየ፣ በዕቅዱ እየተመራም እየጣሰውም ነው።

እኔ ይበልጥ የምወደው የለንደኑን ጥናት ነው። ክርስቲያን ሂዝና ፖል ላፍ እ.ኤ.አ. በ1992 አሳተሙት። የምድር ውስጥ ባቡር መቆጣጠሪያ ክፍል ገብተው ሠራተኞቹን በቪዲዮ እየቀረጹ ተመለከቱ። አንዱ የባቡሮቹን እንቅስቃሴ ይቆጣጠራል። ጎኑ የተቀመጠው ለመንገደኞች ማስታወቂያ ይናገራል። ተቆጣጣሪው ከሾፌር ጋር በስልክ ሲነጋገር፣ ጎረቤቱ ሌላ ነገር የሚሠራ መስሎ ጆሮውን ይጥላል። ባቡር እንደሚዘገይ ከወሬው ይረዳል፣ ማንም ሳያዘው ማስታወቂያውን ይጀምራል። ተቆጣጣሪውም ይህን ስለሚያውቅ አንዳንዴ ጎረቤቱ እንዲሰማው አድርጎ ይናገራል። ከሁለቱ የሥራ ዝርዝር «ይሰማል» የሚል ቃል ቢፈለግ አይገኝም። ባቡሩ በሰዓቱ የሚሄደው ግን በዚህ ነው።

የእኛዋም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንዲሁ ናት። ኃላፊው ለስብሰባ ባሕር ዳር መሄዳቸውን ከኮሪደር ትሰማለች። አስቸኳዩን ፋይል ለተወካያቸው ታስገባለች፣ እርሳቸው ራሳቸው ሊያዩት የሚገባውን ታቆያለች። አንድ ሽማግሌ ለመሬት ጉዳይ ከሩቅ ቀበሌ መጥተው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ካየች፣ የእርሳቸውን ፋይል ከላይ ታደርጋለች። (አድልዎ ነው የሚል ካለ፣ ሽማግሌው የመጡበትን ዳገት አንድ ቀን በእግሩ ይሞክረው።) ወረፋ በቁጥር ብቻ የሚያስኬድ ሲስተም ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። እያንዳንዱ ፋይል በገባበት ተራ ይሰለፋል፣ ባሕር ዳር ያሉት ኃላፊ ዘንድ ገብቶ ይከማቻል፣ ሽማግሌው ማምሻቸውን አልጋ ይከራያሉ።

እንግዲህ ኮምፒውተር ይቅር እያለ ነው እንዳትሉኝ። እንዲያውም የእኛን ዞን ያህል በኔትወርክ አብሮ መሥራት የሚያስፈልገው የለም ባይ ነኝ። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት እስከ ጣርማ በር ጉም፣ ከመሐል ሜዳ ውርጭ እስከ ጀማ ገደል ድረስ አንድ ዞን ነን። ከዓለም ከተማ ደብረ ብርሃን ለመምጣት ጀማን መሻገር አለ። ለአንዲት ፊርማ አበል ይከፈላል፣ ነዳጅ ይቃጠላል፣ ሁለት ቀን ይባክናል። መንገድ በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። ወረዳኔት ሲዘረጋ፣ ወረዳዎችን በሳተላይት አገናኝቶ በቪዲዮ ሲያሰበስብ፣ ብዙ ተስፋ ያደረግነው በዚህ ምክንያት ነበር። መሰብሰብ ግን አንድ ነገር ነው፣ አብሮ መሥራት ሌላ። ከላይ ያለው ይናገራል፣ ከታች ያለው ማይክራፎኑን ዘግቶ ያዳምጣል፤ ሲያልቅ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ኤክሴል ይመለሳል።

ርቀትን በተመለከተ ባልና ሚስቱ ተመራማሪዎች ጋሪና ጁዲት ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ጽሑፍ ዛሬም ይጠቀሳል። መስመሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ርቀት ለውጥ ያመጣል ነው የሚሉት። ተራርቀው በሚገባ የሚሠሩ ሰዎች አስቀድመው የሚተዋወቁ፣ አንድ ቃል ሲነገር አንድ ነገር የሚገባቸው ናቸው። ሥራቸውም በየደቂቃው መነጋገር ሳያስፈልግ ሊከፋፈል የሚችል ነው። ለመተባበር ልማዱና ፈቃዱ አላቸው። መሣሪያውንም አስቀድመው የለመዱት ነው። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ሲስተሙ ብቻውን አይሞላውም።

ከዚህ አንጻር የኛን አካሄድ ሳየው ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ባለሙያዎቹ ሳይተያዩ ግሩፕ ውስጥ ይከተታሉ። የሞረት ባለሙያ የማጀቴን ባልደረባውን የሚያውቀው በፕሮፋይል ፎቶው ነው፤ ፎቶው ደግሞ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ሁለት ቀን በአካል አገናኟቸው። ምሳ አብረው ይብሉ። ሥራውን ራሳቸው ይከፋፈሉት። ለዚያ የሚወጣው አበል ሳይተዋወቁ በሚያጠፉት ስልክና ጭቅጭቅ ይመለሳል። አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ከውጭ የመጣ ካላንደር ጠዋት 3 ሰዓትን 9:00 ብሎ ይልካል። ግማሹ ሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃል። አትሳቁ፣ የደረሰበት ያውቀዋል።

አሁን ወደ መስመሩ ልምጣ። ባለጉዳይ ከሩቅ መጥቶ «ሲስተም የለም» ሲባል የሚሰማው ነገር ለማናችሁም አዲስ አይደለም። መብራት ይሄዳል፣ ፋይበር ይቆረጣል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበርም ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ በሚሆንበት አገር ኢንተርኔት ካልኖረ የማይከፈት ሲስተም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

መፍትሔው ደግሞ አዲስ ግኝት አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1989 ገበያ የወጣው ሎተስ ኖትስ የሚባለው የቡድን ሥራ ፕሮግራም የተሠራው መስመር አልፎ አልፎ ብቻ ለሚገኝበት ዘመን ነበር። እያንዳንዱ ቢሮ የመረጃው ሙሉ ቅጂ ነበረው። ሰው በቅጂው ላይ ይሠራል፤ የስልክ መስመር ሲገናኝ ሁለቱ ቅጂዎች ለውጦቻቸውን ይለዋወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊኑክስ ለተባለው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ የተፈጠረው ጊት የሚባለው መሣሪያም እንዲሁ ነው። በመላው ዓለም ተበትነው ሶፍትዌር የሚጽፉ ሰዎች እያንዳንዳቸው በላፕቶፓቸው ያለ ኢንተርኔት ሠርተው ኋላ ያዋህዱታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ተመራማሪዎች ተለያይተው የተለወጡ ቅጂዎች ሲገናኙ ያለ አስታራቂ ወደ አንድ የሚመጡበትን የመረጃ አደረጃጀት በሒሳብ አስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ሐሳብ የሚያራምዱ ሰዎች መርሁን በግልጽ ጻፉት፤ መረጃው መጀመሪያ በተጠቃሚው ማሽን ላይ ይኑር፣ ኢንተርኔቱ ለማመሳሰል ብቻ ይፈለግ።

ለእኛ ትርጉሙ እንዲህ ነው። ሠራተኛዋ «አስቀምጥ» ስትል መረጃው እዚያው እመሐል ሜዳ ይቀመጥ። ባለጉዳዩ ማስረጃውን ይዞ ይሂድ። ኔትወርክ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከመጣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ራሱ ይላክ። ሻጩ «አይቻልም» ቢላችሁ አትመኑት።

ሌላው የሚያበግነኝ ነገር ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬም ግን በድሮው የፓወር ግዕዝ አሠራር የተተየበ ሰነድ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ይሆናል። ሲስተም ውስጥ ቢያስገቡት ፈልጎ የሚያገኘው የለም። በዩኒኮድ ተጽፎም ቢሆን ጣጣው አያልቅም። አንድ ገበሬ መሬት ክፍል ኃይሉ ይባላሉ፣ ግብር ክፍል ሀይሉ፣ ጤና መድን መታወቂያቸው ላይ ሃይሉ። ሦስቱን ክፍሎች በኔትወርክ ስናገናኛቸው ሲስተሙ ሦስት ሰዎች ይቆጥራል። ፋይዳ ቁጥር ሁሉም ዘንድ ሲደርስ ይቀል ይሆናል። እስከዚያው ግን ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀ እና ኃን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን በፍለጋ ጊዜ አንድ አድርጎ የሚያይ ፕሮግራም መጻፍ ለአንድ ጎበዝ ልጅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጨረታ ሰነድ ላይ ስላልተጠየቀ አይሠራም።

ስለ ምዘናም አንድ ነገር ልበል። ዋንዳ ኦርሊኮውስኪ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣችው ጥናት ሎተስ ኖትስ የገባበትን አንድ ትልቅ የአማካሪዎች ድርጅት አጥንታ ነበር። አለቆቹ ሠራተኛው እውቀቱን በፕሮግራሙ እንዲያካፍል ፈለጉ። ሠራተኛው ግን የሚያድገው ከባልደረባው በልጦ ሲገኝ ነው። የሚያውቀውን ለሁሉ ከዘረገፈው በምን ይበልጣል? ፕሮግራሙን ለመማር የሚያጠፋውን ሰዓት ደግሞ ለደንበኛ ማስከፈል አይችልም። ስለዚህ አልተጠቀሙበትም፤ የተጠቀሙበትም ለራሳቸው ብቻ ነበር። እኛም ዘንድ የስድስት ወር የሥራ አፈጻጸም ውጤት የሚሰጠው ለግለሰብ ነው። በ1 ለ 5 ተደራጅተን በኖርንበት ዘመን እንኳ ነጥቡ የየግል ነበር። ሌላውን ያስተማረ፣ ሰነዱን ለሁሉም አመቻችቶ ያስቀመጠ ሰው የሚያገኘው ነጥብ ካለ ከታች በኩል ባለች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኗን አስፏት።

የተሻለ የሄደ ምሳሌም ጎናችን አለ። ጤና ጣቢያዎቻችን የሚጠቀሙበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሲስተም መነሻው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከአፓርታይድ ማብቂያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተጀምሮ፣ ቆይቶ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት አድጓል። ካላንደሩ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋና ይገባዋል። ከጅምሩ የያዘው ሐሳብም መረጃ በተሰበሰበበት ቦታ ጥቅም ይስጥ የሚል ነው። አዋላጇ ያስገባችውን ቁጥር እዚያው ጤና ጣቢያዋ ሆና በግራፍ ልታየው ትችላለች። ሁሉ ቦታ ይታያል ወይ ብትሉኝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚታይበት ቦታ ላይ ግን ቁጥሩ ሲበላሽ መጀመሪያ የምትናገረው ራሷ ናት። የራሷ ሆኗላ።

ለመምህራን የምለው አጭር ነው። የምርቃት ፕሮጀክት ርዕሶች ላይ ዓይናችሁን ጣል አድርጉ፤ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ያው ነው። የላይብረሪ ማኔጅመንት ሲስተም፣ የሆስፒታል ማኔጅመንት ሲስተም፣ የዶርም ማኔጅመንት ሲስተም። ሰነዱ በጥራዝ ታስሮ መደርደሪያ ይወጣል፣ ሲስተሙ ከተመራቂው ላፕቶፕ ጋር ይሄዳል። ከአሥር ቡድን አንዱ እንኳ ምንም ሲስተም ባይሠራስ? ወረዳ ቢሮ ገብቶ ሳምንታት ይቀመጥ። ማን ማንን እንደሚጠይቅ፣ ፋይል የት እንደሚቆም፣ ሠራተኛው በራሱ ደብተር ለብቻው ምን እንደሚጽፍ ይመዝግብ። ያች የግል ደብተር ሲስተሙ ያልያዘው ነገር ሁሉ መዝገብ ናት። ቡድኑ ውስጥ ከሶሲዮሎጂ ክፍል አንድ ተማሪ ይጨመር። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ መሐላችን አለ፤ የጥናት ቦታ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ለግዥ ባለሙያዎች ደግሞ የጨረታ ሰነዳችሁ ላይ እንዲገባልኝ የምለምነው ይህ ነው። ተጫራቹ ሲስተሙን መጻፍ ከመጀመሩ በፊት በሚሠራበት ቢሮ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ያየውን በጽሑፍ ያቅርብ። ኢንተርኔት ተነቅሎ ሲስተሙ ሙሉ ቀን ሲሠራ በዓይናችን ያሳየን። ሲስተሙ ሲገባ የትኛው ፎርም እንደሚቀር በስሙ ይጠቀስ፣ ኃላፊውም የሚቀርበትን ቀን ይፈርሙበት። «ያነጋግሩኝ» የት ላይ እንደሚጻፍም ያሳየን። የመጨረሻው ክፍያ ሥልጠናው ባለቀ ቀን አይለቀቅ፤ ከስድስት ወር በኋላ ሠራተኞቹ አሁንም እየተጠቀሙበት መሆኑ ሲታይ ይለቀቅ።

በሐምሌ፣ ዞኑን በሙሉ ሳይነካ፣ በአንድ መዝገብ ቤትና በአንድ ቀበሌ ብቻ ለመጀመር የሚፈቅድ መሥሪያ ቤት ካለ ቅዳሜዬን ሰጥቼ እመጣለሁ። አበል አልጠይቅም።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የአይሲቲ ባለሙያ
ሰሜን ሸዋ